ከስትሮክ በኋላ አንጎል ሥራውን እንዴት ይመልሳል? ከላቦራቶሪ አይጦች እስከ ሐይቅ ግቢዎች

በስትሮክ የተመታ ሰው ከአንጎሉ የተወሰነው ክፍል ይሞታል። የሞተው ክፍል እንደ ቆዳ ቁስል ተመልሶ አይሞላም፤ ከዓመታት በኋላ በሲቲ ስካን ቢታይ ቦታው አሁንም ይለያል። ያው ሰው ግን ከወራት በኋላ ከዘራ ይዞ ሲራመድ፣ ሲኒ ሲያነሳ፣ የልጆቹን ስም ሲጠራ እናየዋለን። የሞተው ካልተመለሰ ታዲያ ሥራውን ማን እየሠራው ነው?

መልሱ ባጭሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። በሕይወት የቀሩት የአንጎል ክፍሎች የሟቹን ሥራ ይማራሉ። አስገራሚው ነገር ግን ሌላ ነው። ጎረቤቶቹ ምን ያህል እንደሚማሩ የሚወስነው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ከታመመ በኋላ የሚውልበት ቦታ፣ የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚነካውና የሚያጫውተው ሰው ጭምር ነው። ዛሬ ይህን ጉዳይ ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ቤቶች ጋር አያይዘን እናያለን።

ውኃው ሲቋረጥ

ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ታገኟታላችሁ። (ከተማዋም ሐይቅ፣ ከጎኗ የተኛው ሐይቅም ስሙ ሐይቅ ነው፤ እንዳይምታታባችሁ።) ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ይመጣል፤ ውጫሌም እዚያው ነች። እዚህ አካባቢ በመስኖ የሚለማ ማሳ ያየ ልጅ ስትሮክን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ማሳውን የሚያጠጣው ቦይ በጭቃ ተደፈነ እንበል። ከዚያ ቦይ በቀር ሌላ ውኃ የማያገኘው መሀል መሀሉ ቶሎ ይደርቃል። ዳር ዳሩ ግን ከጎረቤት ቦይ ትንሽ እየሰረገ ስለሚደርሰው ይጠወልጋል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ጭቃው ቶሎ ከተጠረገ ዳሩ ይተርፋል፤ ከዘገየ እሱም ይከተላል።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ደግሞም ለነገ ብሎ አያስቀምጥም። ጤነኛ አንጎል በየደቂቃው ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደም ያገኛል። ይህ ወደ 20 ሲወርድ ሴሎቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ግን በሕይወት አሉ። ወደ 10 ሲወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ሥራ ያቆመውን ግን ያልሞተውን ዳር ባለሙያዎች ፔነምብራ ይሉታል፤ የጥላ ጠርዝ እንደማለት ነው። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሯሯጡት ያንን ጠርዝ ለማዳን ነው። በአንድ የታወቀ ስሌት መሠረት ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይጠፋል።

ስለዚህ ከማንኛውም የማገገሚያ ወሬ በፊት ይህ ይቅደም። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ሲነሳ ከወደቀ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ሰዓቱን ያዙና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ከሐይቅም ሆነ ከአምባሰል ወደ ከፍተኛ ሕክምና የሚወስደው መንገድ ደሴ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። ያውም ችግሩ የደም ሥር መዘጋት እንጂ መፍሰስ አለመሆኑ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። መፍሰስ ከሆነ ያው መድኃኒት ይገድላል። በየቦታው መድኃኒቱም ማሽኑም ስለማይገኝ ሰዓቱ ይበልጥ ውድ ነው። «ምች ነው፣ ትንሽ ይተኙና ይለቃቸዋል» እየተባለ የሚያልፈው ግማሽ ቀን ተመልሶ አይገኝም። ጸሎቱም ዱዓውም መኪና ውስጥ ሆኖ ይደረጋል።

ማዶ ገበያ ከሌለ

አሁን የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ሕይወት ተርፏል፤ የሞተው ሞቷል እንበል። ከዚህ በኋላ ነው የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረው።

በዋናው የደሴ–ወልድያ አስፋልት ላይ አንድ ድልድይ ፈረሰ ብላችሁ አስቡ። በመጀመሪያው ቀን ሰው በእርሻው ዳር፣ በቁልቋሉ መሀል እየተጋፋ ይሻገራል፤ እሾኽ ይወጋዋል፣ ይረግማል፣ ግን ይሻገራል። ከወር በኋላ የእግር መንገድ ይወጣል። ከዓመት በኋላ ምናልባት ባጃጅ ያልፍበታል። ድልድዩ አልተሠራም፤ መንገድ ግን ተገኝቷል። ሰዎቹ ለምን ተሻገሩ? ማዶ ገበያ ስላለ። ማዶ ምንም ባይኖር ኖሮ ያንን እሾኽ ማን ይረግጠዋል?

አንጎል ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። 86 ቢሊዮን አካባቢ የነርቭ ሴሎች አሉን፤ እያንዳንዱ ሴል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየዘረጋ ከሌሎች ጋር ይገናኛል። ስትሮክ ካለፈ በኋላ በሞተው ክፍል ዙሪያ ያሉ ሴሎች ለሳምንታትና ለወራት ከወትሮው የበለጠ አዳዲስ ቅርንጫፍ የማውጣት ዝንባሌ ይኖራቸዋል። ለዚህ የሚረዱ ፕሮቲኖችም ይመረታሉ። ከእነሱ አንዱ ቢዲኤንኤፍ የሚባለው ሲሆን ለነርቭ ሴል እንደ ማዳበሪያ የሚያገለግል ነው። አዲሱ ግንኙነት የሚጸናው ግን ሲሠራበት ነው። ያልተረገጠ መንገድ ሣር ይበላዋል፤ ያልተሠራበት ግንኙነትም ይከስማል።

(በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ፈጣን መሻሻል ሁሉ ከዚህ የመጣ አይደለም። እብጠቱ ሲቀንስና ከጉዳቱ ራቅ ብለው በድንጋጤ ዝም ያሉ የአንጎል ክፍሎች ሲነቁ የሚመጣም አለ።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ለታመመው አንጎል ማዶ ያለው ገበያ ምንድን ነው? እንዲሻገር የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው?

የአይጦቹ ነገር

ታሪኩ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ይጀምራል። የሞንትሪያሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ ጥቂት የላቦራቶሪ አይጦችን ቤቱ ወስዶ እንደ ቤት እንስሳ አሳደጋቸው። ልጆቹ ተጫወቱባቸው፣ አይጦቹም ቤቱን ዞሩት። በኋላ መንገድ የማግኘት ፈተና ሲሰጣቸው ሣጥን ውስጥ ካደጉት ጓደኞቻቸው በልጠው ተገኙ።

ሄብ ያየው ባህሪያቸውን ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሮዘንዝዋይግ፣ ማሪያን ዳይመንድና ባልደረቦቻቸው አንጎላቸውን ከፍተው ለኩ። መጫወቻና ጓደኛ በሞላበት ሰፊ ሣጥን የኖሩት አይጦች የአንጎላቸው ውጫዊ ንብርብር፣ ማለትም ኮርቴክሳቸው፣ ባዶ ሣጥን ውስጥ ለብቻቸው ከኖሩት ወፍሮ ተገኘ። የትልቅ ሰው አንጎል እንደ ድንጋይ ቅርጹን የጨረሰ ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ ይህ ትልቅ ወሬ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሙከራ የተደረገው ግን ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ነው። ባርብሮ ዮሃንሰንና ባልደረባዋ በ1995 ባወጡት ጥናት አይጦች አንጎላቸውን የሚመግብ አንድ የደም ሥር ተዘጋባቸው። ከዚያ ግማሾቹ በተራ ሣጥን፣ ግማሾቹ ደግሞ መሰላልና የሚወጡበት የሚገቡበት ነገር ባለበት ሰፊ ሣጥን ከሌሎች ጋር እንዲኖሩ ተደረገ። በኋላ በቀጭን እንጨት ላይ መራመድና እግርን በትክክል ማስቀመጥ ሲፈተኑ በሰፊው ሣጥን የኖሩት በግልጽ በለጡ።

አሁን ቆም በሉ፤ ምክንያቱም የሙከራው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ቡድኖች አንጎል ውስጥ የሞተው ክፍል ስፋት ሲለካ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ማለትም ሰፊው ሣጥን የሞተውን አላዳነም፤ የቀረውን አሠለጠነው። በኋላ በተደረገ ሙከራ አይጦቹ ወደ ሰፊው ሣጥን የገቡት ከስትሮኩ 15 ቀን በኋላ ነበር፤ ያኔም ጠቅሟቸዋል።

«ምናልባት የጠቀማቸው እንቅስቃሴው ብቻ ይሆናል» ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፤ ዮሃንሰንም ጠርጥራለች። በ1996 አንዳንዶቹን አይጦች ለብቻቸው ከመሮጫ ተሽከርካሪ ጋር፣ ሌሎቹን ያለ መጫወቻ ከጓደኛ ጋር ብቻ፣ ሌሎቹን ደግሞ ሁሉም ባለበት አስቀመጠቻቸው። ሁሉም ያላቸው አንደኛ ወጡ። ከዚያ ቀጥሎ ግን የመጡት ለብቻቸው የሮጡት አልነበሩም፤ ጓደኛ የነበራቸው ናቸው። እኔ ከጥናቱ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የአይጥ ወሬ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አንጎላቸውን አሠርቶታል።

ሰዓትም ይቆጠራል። በካናዳ በ2004 የታተመ ሌላ ሙከራ የበለጸገ ሣጥንንና የእጅ ልምምድን አንድ ላይ አድርጎ ከስትሮኩ በ5ኛው፣ በ14ኛው ወይም በ30ኛው ቀን አስጀመረ። በ5ኛው ቀን የጀመሩት በጣም ተሻሻሉ፤ በ14ኛው የጀመሩት በመጠኑ፤ በ30ኛው የጀመሩት ግን ከጓደኛ ጋር ዝም ብለው ከኖሩት አልተሻሉም። የአይጥን ቀን በሰው ቀን በቀጥታ መመንዘር አይቻልም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። አንጎል ቅርንጫፍ ለማውጣት የተዘጋጀበት ወቅት አለ፤ ወቅቱ ደግሞ ያልፋል።

ባዶው ሣጥን የቱ ነው?

በዚህ ጥናት ላይ ከቀረቡት ትችቶች አንዱ ከውጤቱ እኩል አስተማሪ ነው። ተመራማሪዎቹ «የበለጸገ» የሚሉት ሣጥን መሰላል፣ ቱቦና ጥቂት ጓደኛ ያለው ነው። ለዱር አይጥ ይህ ሀብት ሳይሆን ከተራ ኑሮም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሙከራውን ገልብጠን ልናነበው እንችላለን። እንግዳው ነገር መጫወቻ ያለበት ሣጥን ሳይሆን ባዶው ሣጥን ነው። ጥያቄውም «ለታማሚው ምን እንጨምርለት?» ከመሆን ይልቅ «ምን ወሰድንበት?» ይሆናል።

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ በ2004 የታተመ ጥናት በአምስት ሆስፒታሎች የተኙ 58 የስትሮክ ታማሚዎችን ቀን ቀን በየጊዜው እያየ ምን እንደሚያደርጉ መዘገበ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ አልጋ ላይ አርፈው ነበር። ለማገገም የሚጠቅም እንቅስቃሴ ሲያደርጉ የታዩት በ13 በመቶው ብቻ ነው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ደግሞ ብቻቸውን ነበሩ። ሀብታም አገር፣ ጥሩ ሆስፒታል፣ ንጹሕ አልጋ፤ በአይጦቹ ቋንቋ ግን ባዶ ሣጥን።

እኛ ጋስ? ለምሳሌ ያህል ሐይቅ ከተማ ዳር የሚኖሩ አንዲት አያት እናስብ። ከደሴ ሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል፤ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸው ይቆራረጣል። ቤተሰቡ ይወዳቸዋል። ስለሚወዳቸውም ጸጥ ያለውን ጓዳ ይሰጣቸዋል፣ ንፋስ እንዳይመታቸው በሩን ይዘጋል፣ ያጎርሳቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፤ «አይድከሙ እማዬ፣ እኛ አለን» ይላቸዋል። ጠያቂ ሲመጣ ሳሎን ተቀምጦ ስለ እሳቸው በሹክሹክታ ያወራል። እሳቸው ጓዳ ሆነው ይሰማሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሐሳብ የለም። ነገር ግን ማዶው ገበያ ተዘግቷል። ሲኒውን የሚያነሳላቸው ሰው ካለ እጃቸው ለምን ይሻገራል?

ከበሩ ወዲያ ያለውን ደግሞ እዩ። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች ይጫጫራሉ፤ ቡና ይቆላል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይገባል፤ ጎረቤት ሊጥ ማቡኪያ ለመዋስ ብቅ ይላል፤ መንገደኛ ሰላም ይላል። ይህ ሁሉ ለአንጎል ሥራ ነው። ዓይን ይከተላል፣ ጆሮ ይለያል፣ አፍንጫ ያስታውሳል፣ አንገት ይዞራል፣ አፍ መልስ ይፈልጋል። ሉንድ ውስጥ በመሰላልና በቱቦ የተሠራው ነገር እዚህ በሩ ሲከፈት ይገኛል። አልጋውን ከጓዳ ወደ ሳሎን ማውጣት፣ ቀን ላይ በረንዳው ጥላ ሥር ደገፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብር አይጠይቅም። (ደገፍ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጎን የደከመ ሰው በቀላሉ ይወድቃል። ትራስና ሰው ከጎን ይሁን።)

ቡናውም ይምጣ። ሐኪም ካልከለከለ አቦሉን መጠጣት ይችላሉ፤ ሦስቱንም ካልጠጡ ተብሎ ግን አይለመንም። የሚጠቅመው የቡናው ብዛት ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። መቆላቱ፣ ሽታው፣ ተራው፣ ጨዋታው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚቸገሩ ብዙ ናቸው፤ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ መዋጥ መቻላቸውን ባለሙያ ሳያይ ውኃም ቢሆን አይሰጥ።

ሰላምታ እንደ ልምምድ

የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው፤ «እንዴት ነዎት» ተብሎ አያበቃም። ልጆች ትሰለቹት ይሆናል። ንግግሩ ለተጎዳ ሰው ግን እንዲህ ያለው ሰላምታ ተራ በተራ የመናገር ልምምድ ነው። ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ ይጠበቃል፣ እንደገና ጥያቄ ይመጣል። ጠያቂው ሳሎን ከመቀመጥ ይልቅ አልጋው አጠገብ ሄዶ ፊት ለፊት እያየ ሰላም ቢል፣ መልሱንም ቢጠብቅ (ግማሽ ደቂቃም ቢፈጅ) ከሹክሹክታው ይልቅ ጠቅሟል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት አለመግባባት አለ። የንግግር ክፍሉ የተጎዳ ሰው «ውኃ» የሚለውን ቃል መጥራት አቅቶት ሳለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላህ» አጥርቶ ሊል ይችላል። ስድብም ሊያመልጠው ይችላል። ቤተሰቡ ታዲያ «አየህ፣ ሲፈልግ ይናገራል!» ብሎ ይቀየማል። እሱ ግን እልኸኛ አይደለም። ዕድሜ ልክ ሲደጋገሙ የኖሩ ሐረጎች፣ ጸሎትና ዜማ አንጎል ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚገነባበት መንገድ በከፊል ይለያል። አንዱ ድልድይ ሲፈርስ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ታማሚዎች መዝፈን የሚችሉትም ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ ቦስተን ውስጥ ሐኪሞች ይህንኑ ተጠቅመው ቃላትን በዜማ እያስጀመሩ ወደ ንግግር የሚወስድ ሕክምና ሠርተዋል።

ዜማ ካነሳን አምባሰልን ዝም ብለን አናልፍም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ) አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተራራ ነው፤ በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሠራ ቅኝት። በሌላ በኩል ወሎ የመንዙማ አገር ነው። ታዲያ ሙዚቃ ማዳመጥ የተጎዳ አንጎልን ይረዳል?

ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ውስጥ በ2008 የታተመ ጥናት 60 የስትሮክ ታማሚዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ ሰማ፤ ሁለተኛው በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ ሰማ፤ ሦስተኛው ከተለመደው ሕክምና ሌላ አልተሰጠውም። በሦስተኛው ወር ቃላትን የማስታወስ ችሎታ ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር በሙዚቃው ቡድን 60 በመቶ፣ በመጽሐፉ ቡድን 18 በመቶ፣ በሦስተኛው 29 በመቶ ተሻሽሎ ተገኘ። ሙዚቃ ሰሚዎቹ የድብርት ስሜታቸውም ያነሰ ነበር። «ራሱ የመረጠውን» የሚለውን ልብ በሉ። አያታችሁ መንዙማ የሚወዱ ከሆነ መንዙማ፣ መዝሙር ከሆነ መዝሙር፣ የማሲንቆ አምባሰል ከሆነ እሱ። የእናንተን ስልክ ዝርዝር አይደለም። ዜማ ሲያልቅ ደግሞ ጸጥታ ይኑር፤ ቀኑን ሙሉ የተከፈተ ቴሌቪዥን አንጎልን አያበለጽግም፣ ያደነዝዘዋል።

አንድ ሰፌድ ምስር

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። በአሜሪካና በካናዳ ማገገሚያ ማዕከሎች የተደረገ አንድ ቆጠራ በ2009 እንዳሳየው በአንድ የሕክምና ጊዜ የደከመው እጅ ሥራ ነክ እንቅስቃሴ የሚደጋግመው በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ነበር። አይጦቹ ግን በቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይለማመዳሉ። መንገድ በ32 እርምጃ አይወጣም።

አሁን አንድ ሙከራ ቤታችሁ ሥሩ። ሰፌድ ላይ አንድ ሲኒ ምስር አፍስሳችሁ ጠጠሩንና የተበላሸውን ልቀሙ፤ ጣታችሁ ስንት ጊዜ እንደሚቆነጥር ቁጠሩ። ጥጥ መፍተል፣ ሽንብራ መፈልፈል፣ ሽንኩርት መላጥ፣ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሓ ማንከባለል፤ የወሎ ቤት እጅን በሚደጋግሙ ሥራዎች የተሞላ ነው። አያታችሁ መጀመሪያ ላይ አሥር ፍሬ ብቻ ለቅመው ሊደክሙ፣ ሰፌዱንም ሊገለብጡ ይችላሉ። ይለቀማል፣ እንደገና ይጀመራል። ሥራው ደግሞ እውነተኛ ነው፤ ምስሩ ለወጥ ይገባል። ያለ ዓላማ ኳስ ከመጭመቅ ይልቅ ብዙ ሰው ለእውነተኛ ሥራ ይበረታል። ቢላዋና እሳት ግን ይራቁ፤ የደከመ እጅ ብዙ ጊዜ ሙቀትንም በደንብ አይለይም።

ፈተናው ጤነኛው እጅ ነው። ቶሎ ይቀድምና ሁሉን ነገር ይሠራል፤ የታመመውም ያርፋል። ለዚህ ሲባል ጤነኛውን እጅ በጓንት መሰል ነገር ለሰዓታት አስሮ የታመመውን የሚያሠራ ሕክምና አለ። የሚጠቅመው ግን ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ ለቻለ እጅ ስለሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሞከርም።

አይጥ ሰው አይደለም

እስካሁን የተባለውን አንብባችሁ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት መስሎ እንዳይታያችሁ። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ እንደ አይጦቹ ጠንካራ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የማገገሚያ ክፍል መጻሕፍት፣ ጨዋታ፣ ሙዚቃና የጋራ መመገቢያ ተጨምሮበት 29 ታማሚዎች ታዩ። በበለጸገው ክፍል የነበሩት ይበልጥ ንቁ ሆኑ፣ ብቻቸውን የሚቀመጡበት ጊዜም ቀነሰ። ንቁ መሆንና ማገገም ግን አንድ አይደሉም፤ 29 ሰውም ትንሽ ነው።

ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ሁሉ እንደታሰበው እንደማይሄድ አሳይተዋል። የመጀመሪያው በአምስት አገሮች 2,104 ታማሚዎችን ይዞ በ2015 ታተመ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ታማሚን ከአልጋ እያስነሱ በብዛት ማንቀሳቀስ ይጠቅማል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ሆነም ቀረ ተቃራኒው ታየ። ከሦስት ወር በኋላ ጥሩ ውጤት ላይ የደረሱት በብዛት ከተንቀሳቀሱት 46 በመቶ፣ እንደተለመደው ከታከሙት ደግሞ 50 በመቶ ነበሩ። የአይጥ ጥናትም ቀድሞ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፤ በ1996 በታተመ ሙከራ ጤነኛው ክንድ ታስሮ የታመመው ወዲያው በግድ ሲሠራ የአንጎል ጉዳቱ ሰፍቷል። እንግዲህ «ቶሎ ጀምሩ» ማለት «በዕለቱ አስሩጡ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሐኪሙ ናቸው።

ሁለተኛው ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2017 የታተመ ነው። 1,250 ታማሚዎች ነበሩበት። ከግማሾቹ ታማሚዎች ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው ማገገሚያ እንዴት እንደሚሰጥ ሠልጥኖ ወደ ቤት ተላከ። ከስድስት ወር በኋላ በሞትም ሆነ በሰው እጅ ከመውደቅ አንጻር ከሌሎቹ ጋር ልዩነት አልተገኘም። ይህ ለእኛ የሚጎረብጥ ውጤት ነው፤ ባለሙያ በሌለበት ቤተሰብን ማሠልጠን በቂ ይሆናል ብለን ተስፋ ማድረግ ስለምንወድ። በረንዳውና ምስሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን አይተኩም። የደም ግፊት መድኃኒትንም አይተኩም። በአገራችን በሚደረጉ ጥናቶች በስትሮክ ታማሚዎች ላይ ቀዳሚ ሆኖ የሚታየው ምክንያት ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ክኒኑ «ተሻለኝ» ተብሎ ከተተወ ሁለተኛው ስትሮክ የመጀመሪያው ያተረፈውን ጎረቤት ሊወስድ ይችላል።

«ይረፉ» የሚለው የቤተሰብ ቃልም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። አንጎል ቀን የተለማመደውን የሚያጸናው በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ድካምም እውነተኛ እንጂ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ቀኑ ይከፋፈል። ጠዋት ሲነቁ በረንዳ፣ ጠያቂ፣ ሰፌድ፤ ፊታቸው ሲዝል ወይም ቃል ሲጠፋባቸው ጠያቂው ይሰናበት፣ መጋረጃው ይዘጋ። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ክፍሉን ሞልቶ ከሚያወራ ሁለት ሁለት እየሆነ ቢገባ ይሻላል። ከምሳ በኋላ ይተኙ። ቡናው ሲቆላ ሽታው ይቀስቅሳቸው፤ ስኒውን ግን መጀመሪያ እሳቸው ይሞክሩት፤ ለግማሽ ያህል ብቻ ይቀዳ፣ ትኩስነቱም በረድ ይበል።